ሰባተኛዋ ቁራጭ

ወንድሜ ከሱጁድ መነሳት ያቃተው ዕለት አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ቀኑ ጁምዓ ነው። ሰልፉ በሙሉ ግንባሩን ከምንጣፉ አንስቶ ሲቆም እሱ እዚያው ቀረ። አጠገቡ የነበረው አባቴ ልጁ የሚጫወት መስሎት በልቡ ተቆጣ። በሁለተኛው ረከዓ ግን በጎን አየው። ሁለት እጆቹን መሬት ላይ ተክሎ ወገቡን ወደ ላይ ያነሳል፤ ከዚያ እጆቹን አንድ በአንድ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ጭኑ እያሻገረ በራሱ ገላ ላይ እንደ መሰላል ይወጣል። ሰላቱ ሲያልቅ አባቴ ምንም አላለውም። ቤት ገብቶ ለእናቴ «ልጅሽ ጉልበቱ ደክሟል፤ ወተት ጨምሪለት» ብቻ አላት።

እኔ እህቱ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ደርግ ከወደቀ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖታል። እኔ በአማርኛ የተማርኩትን ትምህርት ወንድሜ በኦሮምኛ፣ በቁቤ ፊደል ይማር ስለነበር፣ የቤት ሥራ ስናጠና እኔ እሱን፣ እሱ እኔን እናስተምር ነበር። አባቴ ጎባ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ቤታችን ከመንገዱ በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ ግቢው የሚገባው በድንጋይ ደረጃ ነው። ያንን ደረጃ እየሮጠ ይወጣ የነበረው ወንድሜ በዚያው ዓመት ግድግዳ እየያዘ መውጣት ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እኔን እየያዘ።

ወተቱ አልጠቀመም። ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙ አልጋ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገው፤ እግሩ ንቅንቅ አላለም። «ከነርቭ ይሆናል፣ ከጡንቻም ይሆናል» አለ ለአባቴ። «እዚህ ይህን የሚለይ መሣሪያ የለንም። ጭንቅላቱ ግን ደህና ነው፤ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ።» ሰውዬው እውነቱን ነው የተናገረው። ያኔ ግን እንደ ስንፍና ነው የቆጠርንበት።

ቀጥሎ እናቴ ለዚያራ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ወሰደችው። በጭነት መኪና ሄደው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሱ። የቦታውን ነጭ አፈር በጨርቅ ቋጥራ አምጥታ ነበር፤ ወንድሜ በየጠዋቱ ከዚያች አፈር ቆንጠር እያደረገ ይቅም ነበር። ተስፋ ያደረገችው እሷ ናት። እሱ ከጉዞው የሚያስታውሰው ሌላ ነው። «መንገደኛው ሁሉ በየተራ ተሸከመኝ» ይለኝ ነበር፤ «አንድ ሰው እንኳ ምን ሆንክ ብሎ አልጠየቀኝም።»

ቤታችን ግን ጥያቄው መጣ። ያመጣው የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አዴራ የምንለው አጎታችን ነው። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው ከማግባቱ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በሰባት ትውልድ ውስጥ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። አዴራ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሳሎናችን ተቀመጠና «የእነዚህ ሰዎች ቤት በደንብ ተቆጥሮ ነበር ወይ?» አለ። አባቴና እናቴ ከተጋቡ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። የእናቴን ወንድም ከገሰራ አስጠሩት። አንደኛው ወገን የአባቴን አያት ቅድመ አያት ጠራ፤ ሌላው ወገን የእናቴን። እኔ በሩ አጠገብ ሆኜ እሰማለሁ። በአባቴ በኩል አምስተኛው ላይ የተጠራ ስም በእናቴ በኩል ስድስተኛው ላይ ተደገመ።

«ስም ነው እኮ!» አለ የገሰራው አጎቴ። «ባሌ ውስጥ ይህ ስም ያለው ሰው ስንት ነው?»

«ስም ብቻም ሊሆን ይችላል» አለ አዴራ። «ስም ብቻም ላይሆን ይችላል።»

ሽማግሌዎቹ አልፈረዱም፤ ዱዓ አድርገው ወጡ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በባሏ ቤተሰብ ሰርግም ሆነ ሐዘን ላይ ከሴቶቹ መሀል ስትቀመጥ ቦታ የሚለቁላት ይመስል ግራና ቀኟ ባዶ ይሆን ነበር። ለማንም አልመለሰችም። አባቴም አንድ ቀን እንኳ «ሐሰት ነው» ብሎ አልተናገረላትም። «እውነት ነው» ብሎም አልወቀሳት። ዝም አለ፤ ዝምታው ደግሞ እንደ ደጅ መዝጊያ እሷ ላይ ተዘጋ።

ወንድሜ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቆመ። አእምሮው ስለሰነፈ አይደለም፤ ዳገቱ አሸነፈው። አባቴ የሱቁ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪና አስቀመጠለት። በእግር የሚረገጠው ስላልሆነለት በእጅ የሚዞር ተፈለገለት። በሁለት ዓመት ውስጥ የደንብ ልብስ ለማሰፋት ሰው እሱን መጠየቅ ጀመረ። ቆራጭ ነበር፤ ጨርቅ አያባክንም።

እኔ በበኩሌ ኮሌጅ ጨርሼ የሮቤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ሆንኩ። ፕላዝማ የገባበት ዘመን ነበር። የክፍሉ ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፤ ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ የማናውቀው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ያስተምራል። ለእኔ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠኛል። በመሀሉ እንደ ተማሪ ጎን ቆሜ አያለሁ። ሰውዬው አይጠብቅም። «ጻፉ» ይላል፤ ልጆቹ ግማሹን ሳይጽፉ ያጠፋዋል። መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱ ሄደ። ተመልሶ አይመጣም።

አንድ ቀን ስለ ዲኤንኤ ንባብ ነበር የሚያስተምረው። የፕላዝማው ሰውዬ ተሰናብቶ እንደሄደ ከኋላ ወንበር አንዲት ዝምተኛ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሁሉም ሴል ያው አንድ ዓይነት ጂን ከያዘ፣ የዓይናችን ሴል ለምን ጥፍር አይሠራም?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ መልሱን አጣርቼ አላውቀውም ነበር። ደወሉ አዳነኝ። ያን ሳምንት የነበሩኝን መጻሕፍት አንድ በአንድ አነበብኩ። ሰኞ ዕለት በተሰጠችኝ ጥቂት ደቂቃ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀልኩ ነገርኳቸው፦ ዲኤንኤው በፕሮቲን እንክብሎች ላይ ተጠምጥሞ ይቀመጣል። ጠበቅ ብሎ የተጠመጠመው አይነበብም፤ የላላው ይነበባል። ከእያንዳንዱ ጂን ፊት ለፊት ፕሮቲኖች የሚያርፉበት ቦታ አለ። አንዳንዶቹ ጂኑን የሚቀዳውን ገልባጭ «ና፣ እዚህ ጀምር» ይሉታል፤ አንዳንዶቹ ያግዱታል። ዓይን ውስጥ የጥፍር ጂን አለ፤ የሚያነበው ግን የለም። ገልባጩ መጥቶ ካረፈ ግን ጂኑን እየተከተለ ቅጂ ያወጣል፤ ቅጂው አርኤንኤ ይባላል።

«ፈተና ላይ ይመጣል?» አለኝ አንዱ።

የዚያች ተማሪ ጥያቄ ግን እኔን አዲስ አበባ አደረሰኝ ብል ውሸት አይሆንም። ጥቂት ዓመት ቆይቼ ለሁለተኛ ዲግሪ ስገባ የመረጥኩት ያንኑ ነው፤ ሴል የቱን እንደሚያነብ፣ ያነበበውን ደግሞ እንዴት እንደሚያዘጋጅ። የምታስተምረን ፕሮፌሰር በዕድሜ የገፋች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ቅጂው እንደወጣ ወዲያው ወደ ሥራ እንደማይሄድ ያስተማረችን እሷ ናት። ራሱ ላይ ቆብ ይደረግለታል፤ ጅራት ይቀጠልለታል፤ ከመሀሉ የማይፈለጉት ክፍሎች ተቆርጠው ይወጡና የሚፈለጉት ቁራጮች ይገጣጠማሉ። የተሳሳተ ቦታ ከተቆረጠ ወይም አንዲት ቁራጭ ከተዘለለች የሚወጣው ፕሮቲን ሌላ ነው፤ ወይም ጭራሽ የማይረባ ነው።

«ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ በሽታ አለ» አለች አንድ ከሰዓት። «ጡንቻን የሚያዙ የአከርካሪ ነርቮች በሕይወት ለመቆየት አንድ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። የዚህ ፕሮቲን ጂን ዋናና መንታ አለው። ዋናው ሲጠፋ መንታው ብቻ ይቀራል። መንታው በሁሉ ነገር ዋናውን ይመስላል፤ ለውጥ የምታመጣው አንዲት ፊደል ናት። ያቺ ፊደል የፕሮቲኑን ትርጉም እንኳ አትቀይርም። ግን ቆራጮቹ ሰባተኛዋን ቁራጭ እንዲዘሉ ታደርጋለች።» ቀጥላ የሕመሙን ምልክት ተናገረች። ቀለል ባለው ዓይነት ልጁ መራመድ ይለምዳል፤ ኋላ ደረጃ መውጣት ይከብደዋል፤ ጉልበቱን ሲመቱት አይንቀሳቀስም፤ ከመሬት ሲነሳ እጆቹን ጭኑ ላይ እየተከለ በራሱ ላይ ይወጣል።

እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሌሎቹ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ተማሪዎቹ ሲወጡ ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩና «ስለ እሱ የተናገሩት ልጅ ወንድሜ ነው» አልኳት።

ብዙ አልጠየቀችኝም። ውጭ አገር ምርመራውን የሚሠሩ የምታውቃቸው ሰዎች እንዳሉ ነገረችኝና ደም ጠብ የሚደረግባቸው አራት ወፍራም ወረቀቶች ሰጠችኝ።

ለእረፍት ጎባ ስገባ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰብኳቸው። አባቴ ጣቱን ዘረጋልኝ፤ ስወጋው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እናቴ «ለምንድን ነው የእኔስ?» አለች። ወንድሜ ያን ጊዜ ከቤት ውጭ በሁለት ምርኩዝ፣ ቤት ውስጥ ግድግዳ እየተደገፈ ነበር የሚሄደው።

«ስሙን ካገኘሽው መድኃኒቱም አብሮ ይመጣል?» አለኝ ደሙ ወረቀቱ ላይ ሲሰርግ።

«አላውቅም። ስሙ ብቻም ሊሆን ይችላል።»

«ይሁን፤ ስምም ቀላል አይደለም» አለ። «ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አገኛለሁ።»

ውጤቱ ስምንት ወር ፈጀ። ፕሮፌሰሯ ቢሮዋ ጠርታ ወረቀቱን ሰጠችኝና እስካነብ ድረስ ወደ መጽሐፍ መደርደሪያዋ ዞረች። ወንድሜ ዋናው ጂን ጭራሽ የለውም፤ ያለው መንታው ነው። አባቴና እናቴ አንድ አንድ ጎደሎ ይዘዋል። እኔም አንድ።

እሑድ ቀን ነበር ቤት የነገርኳቸው። አዴራም እንዲሰማ ብዬ አስጠራሁት። እናቴን ነጻ አወጣታለሁ ብዬ ነበር። የተቀደሰ ዓላማ ይዤ ነበር የተቀመጥኩት፤ አሁን ሳስበው በዚያ ቀን ያህል በራሴ ተማምኜ አላውቅም። ሁሉንም አስረዳሁ። ጉድለቱ ከሁለቱም መምጣቱን፣ አንድ ብቻ የያዘ ሰው ምንም እንደማይሆን፣ ጎባም ሮቤም ሳያውቀው የያዘ ብዙ ሰው እንዳለ፣ የማይዛመዱ ሰዎች ተጋብተውም ሊገጥማቸው እንደሚችል ነገርኳቸው። አዴራ ምርኩዙን በሁለት እጁ ይዞ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ስለዚህ ከሁለቱም ነው።»

«አዎ አዴራ።»

«ሳይዛመዱም ይሆናል።»

«ሳይዛመዱም ይሆናል።»

«ተዛምደውም ይሆናል?»

እናቴ ታየኛለች።

«ይሆናል» አልኩ። «እርስዎ የሚጠይቁኝን ግን ይህ ምርመራ አያይም። መርማሪዎቹ ጂኑን እንጂ ዝምድናውን አልፈለጉም።»

«ስለዚህ አታውቂም።»

«አላውቅም።»

ተነሳ። በክፋት አልነበረም፤ ሽማግሌ ነው፣ የጠየቀውን ጠይቆ የሰማውን ሰምቶ ሄደ። አባቴ እስከ ደረጃው ሸኘው። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች፤ ተከትያት ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ጎመን ትቆርጣለች።

«ኢንተላ ኮ» አለች። ልጄ ማለቷ ነው፤ ሲከፋት በኦሮምኛ ነው የምትጠራኝ። «ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው ዝም ካልኩ። ዛሬ አንቺ የምትናገሪልኝ መስሎኝ ነበር።»

መዋሸት እችል ነበር። «ምርመራው አይዛመዱም ብሏል» ብል አዴራ ያምነኝ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ያምነኝ ነበር። የማስተምረውን ሳይንስ ላለማርከስ ብዬ እናቴን እዚያው ቦታ ላይ ጥያት ወጣሁ። ትክክል ነበርኩ ይሆናል። አንድም ቀን ግን ደስ ብሎኝ አላሰብኩትም።

ለእኔም ያ ወረቀት ሌላ በር ዘጋብኝ። ሊያገባኝ ይፈልግ የነበረ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። እንዲያውቅ ብዬ ነገርኩት፤ «እኔም እመረመራለሁ» አለኝ፤ ቅን ሰው ነበር። እናቱ ሰማች። ከዚያ በኋላ መምህራን ክፍል ስንገናኝ እንደ ድሮው ሰላም ይለኛል፤ ወንበሩን ግን ወደ እኔ መሳብ ተወ።

አባቴ ሞተ። እኔ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማስተማር ጀመርኩ። ፕሮፌሰሯ ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ እንድሄድ ሁለት ጊዜ ጻፈችልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ዘንድሮ አይሆንልኝም» ብዬ መለስኩ። ወንድሜ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ። ወንበሩ ደግሞ ደረጃውን አይወጣም፤ አይወርድም። ሱቁን ሸጠን የስፌት መኪናውን ሳሎን አስገባነው። ደንበኛ ሊለካ ሲመጣ ደረጃውን ወጥቶ፣ ወንድሜ ፊት ጎንበስ ብሎ ይለካል። ወንድሜ ከግቢ የሚወጣው ሰው ሲሸከመው ብቻ ሆነ። ሰውን ማስቸገር ስላልወደደ ሳይወጣ ሁለት ወር የሚቆይበት ጊዜ ነበር።

ተቃውሞው በኦሮሚያ የተስፋፋበት፣ በኋላም አስቸኳይ ጊዜ የታወጀበት ዓመት ደግሞ ሁላችንም እንደ እሱ ሆንን። መንገድ ይዘጋል፤ ትምህርት ይቆማል፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ይጠፋል። በሮቤና በጎባ መካከል ያለችው አጭር መንገድ እንኳ አንዳንድ ቀን አትታለፍም ነበር። ለእናቴ ስደውልላት «እዚያው ሁኚ፣ እንዳትንቀሳቀሺ» ትለኛለች። በክፍሌ ተቀምጬ፣ ስለማይላክ ደብዳቤ፣ ስለማይከፈት ገጽ እያሰብኩ እውል ነበር።

ኢንተርኔቱ የተመለሰ ዕለት የፕሮፌሰሯን መልእክት የኢሜይል ሳጥኔ ውስጥ አገኘሁት። ከተላከ ቆይቷል። መድኃኒት ተገኝቷል ይላል። አጭር ነገር ነው፤ በአርኤንኤው ላይ፣ ቆራጮቹን የሚያሳስተው ቦታ ላይ ሄዶ ይለጠፋል፤ ቦታው ሲሸፈን ሰባተኛዋ ቁራጭ አትዘለልም። በጀርባ አጥንት በኩል በመርፌ ይሰጣል፤ ዕድሜ ልክ። በመጨረሻው መስመር ዋጋውን ጽፋዋለች። እኔ እዚህ አልጽፈውም። ጎባን ከነገበያዋ ቢሸጧት የማይሞላ ነበር።

ለወንድሜ አልነገርኩትም። «የማይደርስበትን ነገር ለምን አሳየዋለሁ?» እያልኩ አራት ጁምዓ ጎባ እየሄድኩ ተመለስኩ። ከእሱ ጋር ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ፣ ስለ ተማሪዎች አወራለሁ፣ ተሳፍሬ እመለሳለሁ። በአምስተኛው ጁምዓ የአንድ ተማሪ የደንብ ልብስ እጅጌ እየገጠመ፣ ዓይኑን ከጨርቁ ሳያነሳ፣

«እስከ መቼ ነው የምትደብቂኝ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«መርፌውን። ኔትወርክ የመጣ ቀን ነው በስልኬ ያየሁት። አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር።»

ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። መኪናውን ማዞር ተወና ጠበቀኝ። ስረጋጋ «አልቅሰሽ ከጨረስሽ አስረጂኝ» አለ። «በደንብ አድርገሽ። እንደ ተማሪሽ።»

የዚያን ቀን ያስተማርኩትን ያህል ክፍል ውስጥ አስተምሬ አላውቅም። ጂኑ እንዴት እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚያነበው፣ ቅጂው እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚገጣጠም፣ ሁሉንም። አላስቸኮለኝም። የገባውን በራሱ ቃል እየመለሰ ይነግረኛል።

«ቆይ» አለኝ። «መንታው እኔ ጋ አለ?»

«አለ።»

«ይነበባል?»

«ይነበባል። እንደማንኛውም ጂን ይነበባል። ስህተቱ ከንባቡ በኋላ ነው።»

«ስለዚህ ሰውነቴ ሥራውን አልተወም። ይሠራል፤ ግን ቁራጯን እየጣለ ነው የሚገጥመው።»

«አብዛኛውን ጊዜ። ከአሥር ቅጂ ወደ ዘጠኙ ቁራጯ ትጎድላቸዋለች።»

«አንዱስ?»

«አንዱ በትክክል ይወጣል።»

እጅጌውን ጭኑ ላይ አስተካከለ።

«እስካሁን ያኖረኝ እሱ ነዋ» አለ።

«እሱ ነው።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው። ምን ያህሉ እንደገባት አላውቅም። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ገባች።

ማመልከት እንዳለብኝ የወሰነው እሱ ነው። መድኃኒቱን ለሚሠራው ድርጅት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የምርመራ ወረቀቱን አያያዝኩ፤ ፕሮፌሰሯም ፈረመችበት። ሦስት ወር ቆይቶ የትሕትና መልስ መጣ። በነጻ የሚረዱባቸው አገሮች ዝርዝር አለ፤ አገራችን እዚያ ውስጥ የለችም። ደግሞም መርፌውን የሚሰጥና የሚከታተል ማዕከል ያስፈልጋል ይላል። አንብቤ ተረጎምኩለት። ወረቀቱን ተቀብሎ አራት አጠፈውና ከመቀሱ ስር አስቀመጠው።

«እንግዲህ አንቺ ሂጂ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ያቺ ሴትዮ ወደምትጽፍልሽ። ለትምህርትሽ።»

«እናንተን ማን ያያችኋል?»

«ማንም። እናታችን አለች፤ ጎረቤት አለ። እኔ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት በቁራጯ ምክንያት ነው። አንቺ በማን ምክንያት ነው የተቀመጥሽው? በእኔ እያሳበብሽ መስሎኝ።»

ቦርሳዬን አነሳሁና ወጣሁ። ለሦስት ሳምንት ጎባ አልሄድኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም፤ የተናደድኩት ደግሞ እውነቱን ስለተናገረ ይሁን ሐሰት ስለተናገረ ለራሴ እንኳ መለየት አልቻልኩም። ለፕሮፌሰሯ ደብዳቤ ጀመርኩ፤ ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ «ዘንድሮ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ተውኩት። መሄድ ያቃተኝ ለእሱ አስቤ ነው? ወይስ ፈርቼ? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። ብቻ አልሄድኩም።

በአራተኛው ሳምንት ጎባ ሄድኩ። ይቅርታ አልተጠያየቅንም። «ሮቤ ደረጃ የሌለው ቤት አይቻለሁ» አልኩት። «አልመጣም፤ ደንበኞቼ እዚህ ናቸው» አለ። ያን ክረምት ግን ጭጋጉና ዝናቡ በረታ፣ እጁም እየደከመ መጣ፣ ደረጃው ላይ ሲሸከመው የነበረ ጎረቤት ተንሸራቶ ሁለቱም ወደቁ። ወንድሜ ክንዱ ተሰበረ። መስከረም ላይ እናቴና እሱ ዕቃቸውን በሚኒባስ ጭነው እኔ ጋ ገቡ።

የተከራየሁት ቤት ከአስፋልቱ እኩል ነው፤ ወንበሩ ራሱ ተንከባሎ ከበር ይወጣል። የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት ነው የተመለሰው። ሮቤ ሜዳ ናት። እናቴ ተጨንቃ ሦስት ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሲገባ አፉ በአቧራ ነጥቷል፤ ስንዴ የጫኑ መኪናዎች የሚቆሙበት ድረስ ብቻውን ሄዶ ነበር።

«ምን አየህ?» አልኩት።

«ምንም» አለኝ። «ሰው፣ መኪና፣ ማዳበሪያ የሚጭኑ ሰዎች። ምንም።» ከዚያ ውሃ ጠየቀ።

ክንዱ ከተጠገነ በኋላም ከትከሻው በላይ አይነሳም፤ መኪናውን ማዞር ትቶ መቁረጥ ብቻ ነው የሚሠራው። የሚሰፉለት ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንዷ ጨርቅ ታባክናለች ብሎ በየቀኑ ይጨቃጨቃታል። ዓመት ባለፈ ቁጥር የሚቆርጠው ጨርቅ እየሳሳ፣ መቀሱ እየከበደው ነው። መርፌው እዚህ አልደረሰም። እኔም እዚሁ ነኝ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ወንበሩን በሩ ላይ ፀሐይ ወደሚመታበት አዞርለታለሁ፤ ስመለስ ጥላው ደርሶበት እንደሆነ ወደ ሌላው በኩል አዞረዋለሁ።